ሊኑክስ ወይስ ቢኤስዲ? መልሱ ያለው ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ነው

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደህንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አቁሟል። ለግል ተጠቃሚዎች አጭር ማራዘሚያ ቢሰጥም የጉዞው መጨረሻ ያው ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ቺፕ እና በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ የወጣ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በመሆኑም ስክሪናቸው ያልደበዘዘ፣ ኪቦርዳቸው ያልተነቃቀለ፣ ገና ብዙ መሥራት የሚችሉ ላፕቶፖች በአንድ ቀን "ጊዜያቸው ያለፈ" ተብለው ተፈርጀዋል።

በከተማችን ብዙ ባለሙያ የሚሠራበት ላፕቶፕ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የመጣ፣ አንዳንዴም ቀድሞ ሌላ ሰው የሠራበት ነው። መጣሉ ያሳዝናል፤ በአዲስ መተካቱ ደግሞ ኪስን ይጎዳል። እንዲህ ያለ ችግር ላይ ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ "ሊኑክስ ጫንበት" ይባላል። ትንሽ ጠለቅ ያለ ወዳጅ ካለም "ከሊኑክስስ ቢኤስዲ ይሻላል" ይላል።

ምክሩ መጥፎ አይደለም። ይሁን እንጂ መቅደም ያለበትን ጥያቄ ይዘለዋል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እዚህ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉትን ቺፖች ያውቃቸዋል ወይ? ይህ ሳይጠየቅ ዊንዶውሱን አጥፍቶ ሌላ የጫነ ሰው ቅዳሜን በሥራ አሳልፎ እሑድ ማታ ዋይፋይ የሌለው፣ ክዳኑ ሲዘጋ ተኝቶ የማይነሳ ላፕቶፕ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሪፖርት ይጠበቅበታል።

ሦስት ወንድማማቾችና አንድ ጉዲፈቻ

ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአሜሪካው ቤል ላብስ የጀመሩት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ተቀብሎ አሻሻለውና ቢኤስዲ የሚባለው ዘር ተገኘ። ፍሪቢኤስዲ እና ኔትቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ1993 የተወለዱት ከዚሁ ነው። ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ከኔትቢኤስዲ ተለይቶ ወጣ።

ሊኑክስ በሥጋ ከእነዚህ አይወለድም። እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ከባዶ ጽፎ የጀመረው ነው። ጠባዩና ትዕዛዞቹ ግን የዩኒክስን ስለሚመስሉ ቤተሰቡ በጉዲፈቻ ተቀብሎታል ማለት ይቻላል። ዛሬ ጉዲፈቻው ከወንድማማቾቹ ሁሉ በልጧል። በዓለም ላይ ባሉ ሰርቨሮችና በእያንዳንዱ አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ይህ የዘር ሐረግ ለታሪክ ያህል ብቻ የቀረበ አይደለም። ለላፕቶፕ ባለቤት ትርጉም የሚኖረው ስለ ድራይቨር ስናነሳ ነው።

ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው

ስሙን ሲሰሙት ሾፌር ይምሰል እንጂ የድራይቨር ሥራ ይበልጥ የአስተርጓሚ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ "ይህን ፋይል በዋይፋይ ላክ" ይላል። የዋይፋይ ቺፑ ግን ይህን ቋንቋ አይሰማም፤ የሚሰማው በየትኛው የማስታወሻ ቦታ ላይ የትኛው ቁጥር እንደተጻፈለት ብቻ ነው። በመካከል ቆሞ የአንዱን ለሌላው የሚነግረው ድራይቨሩ ነው። አስተርጓሚው ከሌለ ቺፑ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ፍርድ ቤት ቀርቦ ቋንቋ እንዳጣ ምስክር ዝም ብሎ ይቀመጣል።

የቺፕ ፋብሪካዎች ለዊንዶውስ አስተርጓሚውን ራሳቸው ጽፈው ይሰጣሉ፤ ገበያቸው እሱ ነውና። ለሊኑክስም እንደ ኢንቴልና ኤኤምዲ ያሉት መሐንዲስ ቀጥረው ያስጽፋሉ። ለቢኤስዲዎቹ ግን በአብዛኛው የሚጽፉት በቁጥር ጥቂት የሆኑ ፈቃደኞች ናቸው። ፋብሪካው የቺፑን ሰነድ ከሰጣቸው ሥራው ይቀላል፤ ከከለከላቸው ጨለማ ውስጥ መደናበር ነው።

"ሊኑክስ ድራይቨር ካለው ቢኤስዲዎቹ ለምን አይገለብጡትም?" የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። በከፊል ይገለብጣሉ። ፍሪቢኤስዲም ሆነ ኦፕንቢኤስዲ የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨሮቻቸውን ያመጡት ከሊኑክስ ነው፤ የእነዚህ ድራይቨሮች ፈቃድ ስለሚያስችል ነው። ነገር ግን አብዛኛው የሊኑክስ ኮድ የተጻፈው ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ሥር ነው። ይህ ፈቃድ ኮዱን የወሰደ ሁሉ በዚያው ግዴታ እንዲታሰር ይጠይቃል። ቢኤስዲዎቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ግዴታ በከርነላቸው ውስጥ እንዲገባ አይፈልጉም። ከቢኤስዲ ወደ ሊኑክስ መሻገር ቀላል ሲሆን ከሊኑክስ ወደ ቢኤስዲ መሻገር ግን ብዙ ጊዜ በር ላይ ይቀራል።

የብሮድኮም ታሪክ

ነገሩን በተግባር ለማየት ብሮድኮም ከሚሠራቸው የዋይፋይ ቺፖች የተሻለ ምሳሌ የለም። እነዚህ ቺፖች በብዙ ላፕቶፖች፣ በተለይም በአፕል ማክቡኮች ውስጥ ይገኛሉ። ኩባንያው ለረጅም ዓመታት ለነፃ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች ሰነድ አልሰጠም ነበር።

ፈቃደኞቹ ዘዴ ፈጠሩ። ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን የኩባንያውን ዝግ ድራይቨር እየመረመረ ቺፑ እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ኮድ ጨርሶ ሳያይ ጽሑፉን ብቻ ይዞ አዲስ ድራይቨር ይጽፋል። በዚህ መንገድ የተሠራው ድራይቨር እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሊኑክስ ገባ። በቀጣዩ ዓመት የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች የራሳቸውን ሲጽፉ ከሊኑክሱ ኮድ ወስደዋል የሚል ክስ ከሊኑክስ በኩል ተነሳ። ሙግቱ በአደባባይ ተካሄደ። በመጨረሻም የኦፕንቢኤስዲው ሥራ ተሰርዞ ቀረ። ከላይ ያልነው የፈቃድ ጉዳይ በአንድ ቺፕ ላይ ያመጣው ውጤት ይህ ነው።

ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንዳንድ ቺፖቹ ክፍት ድራይቨር ለሊኑክስ አቀረበ። ሁሉንም ግን አላካተተም። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 በወጡት ማክቡክ ኤሮች ውስጥ ያለው ብሮድኮም 4360 እስከ ዛሬ በሊኑክስ ላይ የሚሠራው በኩባንያው ዝግ ድራይቨር ብቻ ነው። ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ለዚህ ቺፕ ድራይቨር የላቸውም። እንግዲህ ያን ማክቡክ ለያዘ ሰው "ቢኤስዲ ይሻላል" የሚለው ምክር ምን ያደርግለታል?

መጀመሪያ ቺፑን ይወቁ

በመሆኑም ምርጫው የሚጀምረው ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ስም ሳይሆን ከቺፖቹ ስም ነው። የላፕቶፑ ሞዴል ብቻውን በቂ አይደለም። አንድ ሞዴል ሲሸጥ ውስጡ የኢንቴል ዋይፋይ ያለበትም የሪልቴክ ያለበትም ይወጣል፤ ውጫዊ መልካቸው ግን አንድ ነው።

ዊንዶውሱ ገና ካልጠፋ "ዲቫይስ ማኔጀር" የሚለውን ይክፈቱ። "ኔትወርክ አዳፕተርስ" ከሚለው ሥር ዋይፋዩን ይምረጡና "ፕሮፐርቲስ"፣ ቀጥሎ "ዲቴይልስ"፣ ከዚያም "ሃርድዌር አይዲስ" ውስጥ ይግቡ። እያንዳንዳቸው አራት አራት ምልክት ያላቸው ሁለት መለያዎች ያገኛሉ። የመጀመሪያው የፋብሪካው፣ ሁለተኛው የቺፑ መለያ ነው። የመጀመሪያው 8086 ከሆነ ፋብሪካው ኢንቴል ነው፤ 1002 ከሆነ የቀድሞው ኤቲአይ፣ የዛሬው ኤኤምዲ ነው። ለግራፊክሱ "ዲስፕሌይ አዳፕተርስ" ከሚለው ሥር ተመሳሳዩን ያድርጉ። መለያዎቹን በወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ ከዚያ ሁሉም ቢኤስዲዎች በድራይቨር ማብራሪያቸው ውስጥ የሚያውቋቸውን ቺፖች ስለሚዘረዝሩ ከዚያ ጋር ማስተያየት ነው።

በዚህ ጊዜ ከድራይቨር ሌላ "ፈርምዌር" የሚባል ቃል ይገጥምዎታል። ይህ ቺፑ ራሱ ሲነሳ የሚጫንለት አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ድራይቨሩ ኖሮ ፈርምዌሩ ከሌለ ዋይፋዩ አይነሳም። ብዙውን ጊዜ ፈርምዌሩ ዝግ በመሆኑ አንዳንድ ፕሮጀክቶች ከመጫኛው ጋር አብረው አያድሉትም። ዴቢያን እንኳ ለዓመታት ለይቶ ያስቀምጠው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ከሰጡበት በኋላ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ በመደበኛው መጫኛ ውስጥ ተካቷል። ኦፕንቢኤስዲ ግን አብዛኛውን የዋይፋይ ፈርምዌር የሚያወርደው ከኢንተርኔት ነው። ዋይፋይ ለማስነሳት ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ዋይፋይ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ነገር ኪስዎ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር አገናኝተው ኢንተርኔት ማጋራትን ሲያበሩ ስልኩ ለላፕቶፑ እንደ ኔትወርክ ካርድ ሆኖ ይታየዋል። ሊኑክስም፣ ፍሪቢኤስዲም፣ ኦፕንቢኤስዲም ለዚህ የሚሆን ድራይቨር አላቸው። የጎደለውን ለማውረድ ጥቂት የሞባይል ዳታ ይበቃል።

ማንን ለየትኛው?

ሊኑክስ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ሙከራ ሊሆን ይገባል። ምክንያቱ የተሻለ ሥነ ምግባር ስላለው ሳይሆን ብዙ ቺፕ ስለሚያውቅ ነው። ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ፣ መረጋጋት ለሚወድ ዴቢያን፣ ላፕቶፑ በጣም አዲስ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ቶሎ የሚታደሰው ፌዶራ ይመከራል። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። የድራይቨር ችግር የአሮጌ ላፕቶፕ ብቻ አይደለም፤ ትናንት የወጣ ቺፕም ድራይቨር እስኪጻፍለት ጊዜ ይፈልጋል።

ፍሪቢኤስዲ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው በሰርቨር ነው። በላፕቶፕ ደካማ መሆኑን ራሱም ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2024 የፍሪቢኤስዲ ፋውንዴሽን ከአንድ አጋር ኩባንያ ጋር ሆኖ ለላፕቶፕ ድጋፍ 750,000 የአሜሪካ ዶላር መመደቡን ያስታወቀው ለዚህ ነው። ውጤቱም እየታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 14.3 የተባለው እትም ብዙ የኢንቴል ዋይፋይ ካርዶችን በተሻለ ፍጥነት ማንቀሳቀስ ጀምሯል። ኤንቪዲያ ለፍሪቢኤስዲ ድራይቨር ራሱ ስለሚያቀርብ የኤንቪዲያ ግራፊክስ ያለው ሰውም ተስፋ አለው። ዋይፋዩን ጨርሶ ካላወቀው ደግሞ "ዋይፋይቦክስ" የሚባል መላ አለ፤ በፍሪቢኤስዲ ውስጥ ትንሽ ሊኑክስ ተነስቶ ዋይፋዩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ብልሃቱ የሚደነቅ ቢሆንም ቢኤስዲው ያለ ሊኑክስ አስተርጓሚ መናገር እንዳልቻለም ይመሰክራል።

ኦፕንቢኤስዲ ጥብቅ ነው። ለደህንነት ሲል የማይተማመንበትን ነገር አውጥቶ ይጥላል። የብሉቱዝ ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2014 ያስወጣው ጥራቱ ስላላረካው ነው፤ እስከ ዛሬ አልመለሰውም። የኤንቪዲያን ግራፊክስ በሙሉ አቅሙ አያሠራም። ነገር ግን የሚያውቀው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ በተለይ የኢንቴል ዋይፋይና ግራፊክስ ባላቸው ቲንክፓዶች ላይ፣ ያለብዙ ማስተካከያ ሥራውን ይጀምራል። የራሱ ገንቢዎች በላፕቶፕ ስለሚሠሩበት ክዳን ሲዘጋ መተኛትና መነሳት የመሰለው ነገር ትኩረት አግኝቷል።

ኔትቢኤስዲ የሚታወሰው ሌላው ሁሉ ፊቱን ሲያዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጡት ዴቢያን 13 እና ፍሪቢኤስዲ 15 ባለ 32 ቢት የኢንቴል ኮምፒዩተሮች ላይ አዲስ መጫንን አቁመዋል። ኔትቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ግን አሁንም ያስተናግዷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የወጣች ትንሽ ኔትቡክ ያለው ሰው እዚያ ይሂድ። ለጽሑፍ ሥራ ትሆነዋለች፤ በዛሬው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ግን ማስታወሻዋ ማነሱ መፈተኑ አይቀርም።

ይህንን በአጭሩ ስናስቀምጠው፦ እ.ኤ.አ. የ2011 ቲንክፓድ ኤክስ 220 የኢንቴል ዋይፋይ ይዞ ከሆነ ከአራቱ የወደዱትን ይጫኑበት። ከላይ የጠቀስነው ማክቡክ ኤር ከሆነ ሊኑክስ፣ ያውም ከዝግ ድራይቨር ጋር። ግራፊክሱ ኤንቪዲያ ብቻ ከሆነ ሊኑክስ ወይም ፍሪቢኤስዲ። ባለ 32 ቢት ከሆነ ኔትቢኤስዲ ወይም ኦፕንቢኤስዲ።

ሳያጠፉ ይሞክሩ

ከወረቀት ምርመራ የሚበልጠው ሙከራ ነው። አብዛኞቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ከፍላሽ ላይ ተነስተው ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ይሠራሉ። ፍሪቢኤስዲ ራሱ ይህን የመሰለ ዴስክቶፕ ባያቀርብም፣ በእሱ ላይ የተመሠረቱት ጎስትቢኤስዲና ኖማድቢኤስዲ ከፍላሽ ይነሳሉ። ኦፕንቢኤስዲን ደግሞ ፍላሹን እንደ ሃርድ ዲስክ ቆጥሮ እዚያው ላይ መጫን ይቻላል። ለቢኤስዲዎቹ በባዮስ ውስጥ "ሴክዩር ቡት" የሚለውን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ከፍላሽ ሲነሱ መልኩን አይተው አይደሰቱ። ዋይፋዩን ከቤትዎና ከቢሮዎ ጋር ያገናኙት። ክዳኑን ዘግተው አሥር ደቂቃ ቆይተው ይክፈቱት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ባትሪ ቆጥቦ መተኛት የማይችል ላፕቶፕ ግማሽ ላፕቶፕ ነው። የስክሪኑን ብርሃን ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ድምፁን፣ ማይክራፎኑንና ካሜራውን ይፈትሹ። ስብሰባ ላይ የሚያቀርቡ ከሆነ ፕሮጀክተር ላይ ይሰኩት። ከእነዚህ ውስጥ ሥራዎን የሚያስቆም አንድ እንኳ ካለ ያ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዚያ ላፕቶፕ አይሆንም፤ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የጎደለው ዋይፋዩ ብቻ ከሆነ ግን ተስፋ አይቁረጡ። በብዙ የቆዩ ላፕቶፖች ውስጥ የዋይፋይ ካርዱ በሁለት ብሎን የሚነቀል ስለሆነ በኢንቴል ካርድ ሊተካ ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ። አንደኛው የመሰኪያው ዓይነት ነው፤ የማክቡክ መሰኪያ ከሌላው ይለያል። ሁለተኛው ባዮሱ ነው፤ የቆዩ ቲንክፓዶችን ጨምሮ አንዳንዶቹ በፋብሪካው ዝርዝር ውስጥ የሌለ ካርድ ሲያዩ አንነሳም ይላሉ። ከዚህ የሚቀለው በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ ነው። የሪልቴክ 8188 ቤተሰብ ቺፕ ያላቸው ፈጣን ባይሆኑም ሊኑክስም ሆነ ቢኤስዲዎቹ ብዙዎቹን ያውቋቸዋል። ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ውስጡ ያለውን ቺፕ ይጠይቁ፤ በአንድ ስም የተለያየ ቺፕ ይሸጣልና።

ድራይቨር የማይፈታው

ላፕቶፑ ሁሉ ነገሩ ቢሠራም ሥራዎ ላይሠራ ይችላል። ፒችትሪ የሂሳብ ፕሮግራም የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ፓወር ግዕዝም እንዲሁ። ዛሬ አማርኛ በዩኒኮድ ስለሚጻፍ በሊኑክስም ሆነ በቢኤስዲ ማንበብና መጻፍ ችግር አይደለም፤ ፊደሎቹም የመጻፊያ ዘዴዎቹም በነፃ ይገኛሉ። ነገር ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ የቢሮ ሰነዶች ፎንታቸው ከሌለ ትርጉም አልባ ምልክት ሆነው ይታያሉ። የሂሳብ መዝገብዎ ወይም የአሥር ዓመት ደብዳቤዎ በእነዚህ ላይ ከሆነ አንድ የዊንዶውስ ኮምፒዩተር በቢሮ ይቆይ፤ ወይም ዊንዶውሱን ሳያጠፉ አዲሱን ከጎኑ ይጫኑ። የቱንም ቢመርጡ አስቀድመው ፋይሎችዎን ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደ እግር ኳስ ቡድን በፍቅር ብቻ አይመረጥም። ጥሩው ሲስተም በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ አምሮ የታየው ሳይሆን፣ በእርስዎ ላፕቶፕ ውስጥ ካሉት ቺፖች ጋር የሚግባባው ነው። ስለዚህ የቺፖቹን መለያ ይዘው ይነሱ፣ ከፍላሽ ይሞክሩ፣ ስሙን በመጨረሻ ይምረጡ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ክዳኑን ሲከፍቱት የሚነሳና ዋይፋዩን የሚያገኝ ከሆነ፣ ሊኑክስም ይባል ቢኤስዲ ምርጫዎ ትክክል ነበር።

ቸር እንሰንብት።